በሌላ ስም የደረሰ መልእክት፦ ስለ ወይዘሮ ጽጌ በላቸው

የላቦራቶሪያችን የመረጃ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ጽጌ በላቸው፣ ለወራት ታመው ከቆዩ በኋላ፣ ባለፈው ወር ጅጅጋ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ዓመት ነበር። የተቀበሩትም በተወለዱባት በዚችው ከተማ ነው። አስከሬናቸውን ከተሸከምነው መካከል ግማሾቻችን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ለሌሎች አስረክበን፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ ውጭ ቆመን ጠበቅን። ሙስሊም የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበርን። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ጥላ ፍለጋ የሄደ ግን አላየሁም።

ሙክታር እባላለሁ። በእርሳቸው ሥር ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። እኛ ሶማሌዎቹ «ኤዶ» እያልን እንጠራቸው ነበር፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ በተለይም በለቅሶው ድንኳን ከእኔ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀምጦ ለነበረ ሰው። ያ ሰው ለጎረቤቱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጎበዝ ሴት ነበሩ፤ ያቺ የአዲጋላዋ ስህተታቸው ባትኖር» ሲል ሰማሁት። ጎረቤቱም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ያን ቀን የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻው ግን እንዲሆን እፈልጋለሁ።

የወይዘሮ ጽጌ አባት በወታደርነት መጥተው ጅጅጋ የቀሩ፣ እናታቸው ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ ነበሩ። ሶማልኛን ከእኛ እኩል ይናገሩ ነበር፤ ሲቆጡማ ከእኛም ይበልጡ ነበር። ለብዙ ዓመታት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው ሠርተው ዓይናቸው ሲደክም ወደ መረጃ ክፍል ተዛወሩ። በ2010 ክረምት ከተማችን ስትታመስ፣ ሶማሌ ያልሆነ ሰው ሲጠቃ፣ ብዙ ጎረቤቶቻቸው ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። እህታቸው ከአዲስ አበባ እየደወሉ «ነይ» ቢሏቸውም አልሄዱም። እኛ ቤት ዘጠኝ ቀን ተሸሽገው ተቀመጡ። በዐሥረኛው ቀን እናቴን አመስግነው፣ የቢሮውን ቁልፍ ከቦርሳቸው አውጥተው ወደ ሥራ ሄዱ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ሲናገሩ አልሰማሁም። በረመዳን ግን ቢሮ ውስጥ ውሃ አይጠጡም ነበር። «ኤዶ፣ እርስዎ ይጠጡ እንጂ» ስንላቸው፣ «እናንተ ጉሮሯችሁ ደርቆ እኔ ብርጭቆ ይዤ ፊታችሁ ልንጎራደድ? ነውር አይደለም እንዴ?» ይሉን ነበር።

የሥራቸውን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ፤ አለበለዚያ የአዲጋላው ነገር አይገባም።

የእኛ ላቦራቶሪ የራሱ ሲስተም ነበረው። ከሽንሌ እስከ አዲጋላ ያሉት የሰሜን ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ሌላ ሲስተም ነበራቸው። ሁለቱ አይግባቡም ነበር፤ እኛ ጋ አንድ ነገር የሚጠራበት ስም እነርሱ ጋ ሌላ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው እንደ አስተርጓሚ የሚሠራ ፕሮግራም ገባ። ፕሮግራሙ የሚመራው በአንድ ሰንጠረዥ ነው። በግራ በኩል ከእኛ የሚወጣው መልእክት ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ እዚያ ሲደርስ በምን ስም እንደሚገባ። ሰንጠረዡን መሙላት የእኔ ሥራ ነበር።

አብዛኛው ረድፍ ቀላል ነበር። ውጤት ውጤት ነው። ችግሩ ቦታ ያልተበጀላቸው መልእክቶች ነበሩ። «ናሙናው መንገድ ላይ ፈስሷል፣ እንደገና ይላክ።» «ትናንት የላክነው ተሳስቷል፣ ይህን ያዙ።» «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ታገሡን።» ፕሮግራሙን የሠሩት ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ሁሉ አንድ ዝግጁ ዓይነት አስቀምጠውለታል፤ «አጠቃላይ መልእክት» ይባላል። ምንም ቢከቱበት አይመልስም። እኔም ሁሉንም እዚያ ከተትኩት። በቀኝ በኩል ግን የጤና ጣቢያዎቹ ሲስተም የሚያውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ «ተልኳል»፣ «በሂደት ላይ»፣ «ተጠናቋል»። ለአጠቃላዩ መልእክት ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ከእኛ እጅ ወጥቷል፣ እንግዲህ አልቋል ብዬ «ተጠናቋል» የሚለውን መረጥኩ።

ስንሞክረው ሁሉም መልእክት አለፈ። ደስ አለኝ። ወይዘሮ ጽጌ ወረቀቱን ይዘው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና «የተበላሸ ናሙና የት ገባ?» አሉኝ።

«አጠቃላይ ውስጥ አለ፣ ኤዶ። ሞክሬዋለሁ፤ ያልፋል።»

ትንሽ አመነቱ። ወደ ስብሰባ የምትወስዳቸው መኪና ደጅ ቆማ ጡሩንባ እየነፋች ነበር። ፈረሙ።

ከዚያ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። አዲጋላ፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ፣ ሆዳን የምትባል የሦስት ልጆች እናት ትኖር ነበር። ሳል ስለጠናባት ጤና ጣቢያ ሄዳ አክታ ሰጠች። ናሙናው በበረዶ ሣጥን ተጭኖ በድሬዳዋ በኩል ወደ እኛ ሲመጣ ክዳኑ ላልቶ ፈሰሰ። ላቦራቶሪያችን በዚያው ቀን «ፈስሷል፣ እንደገና ይላክ» ብሎ ጻፈ። መልእክቱ ወጣ፤ በእኔ ረድፍ በኩል አለፈ፤ አዲጋላ ሲደርስ «ተጠናቋል» የሚል ሆነ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሂቦ መዝገቡን ስታይ ምርመራው ተጠናቋል ይላል፤ በሽታ ተገኘ የሚል የለበትም። ሆዳንን «ቲቢ የለብሽም» አለቻት። የጉንፋን መድኃኒት ሰጥታ ሸኘቻት።

ሲስተር ሂቦ ስትደውልልን ሰባት ሳምንት አልፏል። ስልኩን ያነሡት ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

«ኤዶ፣ አንዲት ታካሚ አለችኝ፤ ተጠናቋል ብላችኋል። ሴትየዋ ግን ደም እየተፋች ነው። እስቲ ዳግም እዩልኝ።»

ወይዘሮ ጽጌ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ፤ በእኛ ሲስተም ፈለጉት፤ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ «ሂቦ፣ እኛ ምንም አልመረመርንም። ናሙናው ፈስሶ ነው የደረሰን። አሁኑኑ መኪና ፈልጊና ወደ ድሬዳዋ ውሰጃት» አሏት። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። ኮምፒውተሬ ላይ ሰንጠረዡን ከፈትኩና ያን ረድፍ አየሁት። እርሳቸውም ከኋላዬ ቆመው አዩት።

ሆዳን በአራተኛው ቀን ድሬዳዋ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች።

ማንም አልከሰሰንም። ከበላይ የመጣውም ደብዳቤ «የቴክኒክ ችግር» ብሎ ዘጋው። ወይዘሮ ጽጌ ደብዳቤውን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡና «ነገ አዲጋላ እንሄዳለን» አሉኝ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሊያስቆሟቸው ሞክረው ነበር። «ጽጌ፣ ምን ልትያቸው ነው? ነገር ታመጪብናለሽ» አሏቸው። እርሳቸውም «ነገሩ እኮ መጥቷል፤ እኛ ነን ያልሄድንለት» ብለው ወጡ።

ማለዳ ተነሥተን ካራማራን አልፈን፣ በሐረርና በድሬዳዋ አድርገን፣ ሽንሌን አቋርጠን ከሰዓት በኋላ አዲጋላ ደረስን። ሲስተር ሂቦ ወደ ቤቱ መራችን። የሆዳን ባል ሮብሌ ይባላል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ምንጣፍ አነጠፈልን። ወይዘሮ ጽጌ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ፣ በሶማልኛ ነገሩት። ናሙናው እንደፈሰሰ፣ መልእክት እንደላክን፣ መልእክቱ በእኛ ስህተት «ተጠናቋል» በሚል ስም እንደደረሰ፣ ሲስተር ሂቦም ያየችውን አምና እንደ ሠራችና ጥፋት እንደሌለባት።

ሮብሌ «እንግዲህ ያኔ እንደገና ብትሰጥ ኖሮ ይታወቅ ነበር?» አለ።

«ይታወቅ ነበር።»

«ትድን ነበር?»

«እሱን አላህ ያውቃል። መድኃኒቱን ግን በጊዜው ትጀምር ነበር።»

«ያን ስም የጻፈው ማነው?»

አፌን ከፈትኩ። ወይዘሮ ጽጌ ወደ እኔ ሳይዞሩ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ፤ ጫን አድርገው። «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ልትጠይቅ የምትፈልገው ካለ እኔን ጠይቀኝ።»

ምንም አልጠየቃቸውም። ይቅር ብያለሁም አላለም። ተነሣና ለአማቱ «ውሃ ስጧቸው፤ መንገደኞች ናቸው» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ሳንሰናበተው ተመለስን። እርሳቸው ሲናገሩ የጀመረኝን እንባ መቆጣጠር አቅቶኝ ፊቴን በአንገት ልብሴ ሸፍኜ ነበር የወጣሁት።

ወደ ድሬዳዋ ተቃረብን። ከዚያ «ልትናገር ነበር አይደል?» አሉኝ።

«አዎ። ረድፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ኤዶ። ሲጠይቁኝም አልፏል ብዬ የነገርኩዎት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እኔም ጥያቄውን ጠይቄ መልሱን ሳላጣራ ፈርሜያለሁ። ያን ከእኔ ልትወስድ አትችልም።» ቀጥለውም «ብትናገር አንተን ይቀልልህ ነበር። ለሰውየው ግን ምን ይጨምርለታል? ሁለት ሰው ከሚጠላ አንድ ይብቃው። አንተ ሥራ አለብህ፤ ያን ሰንጠረዥ አብረን እናፈርሰዋለን» አሉ።

አፈረስነውም። እኔ ተጨማሪ ረድፍ ጽፌ በሁለት ቀን የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ኮምፒውተሩን አስዘጉኝና ስልክ አነሡ። በሰሜን ከተሞች ላሉት ነርሶች ሁሉ እየደወሉ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቁ፦ «ይህ መልእክት ሲደርስሽ ተነሥተሽ የምታደርጊው ምንድን ነው?» መልሱን በደብተር ጻፉ። አንድ ቀን «ሙክታር፣ እስካሁን መልእክቱን የምንሰይመው እኛ በምናውቀው ነበር። የሚሰየመው ግን የተቀበለው ሰው ሊያደርግ በሚገባው ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሙያ ሁሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ዝርዝር ነው።

በደብተሩ መሠረት አጠቃላዩን መልእክት በተንነው። የፈሰሰ ወይም የተበላሸ ናሙና የራሱ ስም ተሰጠው፤ «ታካሚው ተፈልጎ እንደገና ናሙና ይስጥ» ይላል። የተሳሳተ ውጤት ሲታረም ሌላ ስም፤ አሮጌውን ይሰርዛል። ሲስተር ሂቦ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረቻቸው። «ኤዶ፣ ሰው ፈልጊ ትሉኛላችሁ። እዚህ አብዲ መሐመድ ብዬ ብጠራ አምስት ሰው ይነሣል። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ቤተሰቡ ከብቱን ይዞ ይሄዳል፤ ማንን ተከትዬ የት ልድረስ?» እርሳቸውም ሣቁ፤ ከሆዳን ሞት በኋላ ሲሥቁ መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በአዲሱ መልእክት ላይ ሰው ሰፈር ውስጥ የሚጠራበት ቅጽል ስም የሚጻፍበት ቦታ አስጨመሩ። አንካሳው፣ ረጅሙ፣ ባለ አንድ ዓይኑ፤ እኛ ሶማሌዎች በዚህ አንቀያየምም።

አዲስ አበባ ያለው የፕሮግራሙ መሐንዲስ ግን አልተዋጠለትም። በስልክ ሲከራከሩ አስታውሳለሁ። «ወይዘሮ ጽጌ፣ አጠቃላዩ ዓይነት እኮ የተሠራው ሁሉንም እንዲቀበል ነው። እናንተ ከነካችሁት ሌላው ቦታ ይበላሻል» ይላቸዋል። እርሳቸውም «ልጄ፣ ሁሉንም ግቡ የሚል ዘበኛ ማን እንደገባ አያውቅም» ይሉታል። በስተመጨረሻ ተስማሙ። አጠቃላዩ አልጠፋም፤ ትርጉሙ ግን ተለወጠ። በእኛ ሰንጠረዥ «ያልታወቀ፣ ሰው ያንብበው» ተባለ። በምንም መንገድ «ተጠናቋል» ሆኖ እንዳይሄድ ተደረገ። የሚያነበው ሰው ማን ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ «እኔ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ፣ መጀመሪያ የሚያደርጉት እርሱን ነበር። አንዳንዱ «ሙከራ፣ ሙከራ» የሚል ባዶ ነገር ነው፤ እርሱንም እስከ መጨረሻው ያነቡት ነበር።

አዲሱ አሠራር በተጀመረ በወሩ ከሽንሌ የመጣ የአንድ ሕፃን ደም ረግቶ ደረሰ። ነርሷ አዲሱ መልእክት ደርሷት በማግስቱ እናቲቱን በቅጽል ስሟ አስጠርታ፣ ጓዟን ግመል ላይ እየጫነች ሳለ አገኘቻት። የሕፃኑ ሕመም ታወቀ፤ ታከመ። ዜናውን ስነግራቸው «እሰይ» ብለው መስኮቱን ከፍተው ረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ሆዳን ተካሰች ይል ይሆናል። እርሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ አልሰማሁም።

ባለፈው ዓመት ሆዳቸውን ማመም ጀመራቸው። ምርመራቸውም በዚያው በእኛ ሲስተም በኩል ነበር የሚመጣው። ውጤቱ የደረሰ ቀን እኔ አየሁት፤ ስማቸው ከነቁጥሩ። እርሳቸውም ከፊታቸው ያለው ስክሪን ላይ አዩት፤ ሊከፍቱትም ይችሉ ነበር። እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሡ። «ይህ ለሐኪሜ የተላከ ነው» አሉና ኮታቸውን ደርበው ሐኪሙ ዘንድ ተራ ሊይዙ ወጡ። ሲመለሱ «ካንሰሩ ጉበት ደርሷል አለኝ» ብቻ አሉ። ከዚያ ደብተራቸውን አወጡና «ማንበቡን የምትረከበኝ አንተ ነህ» አሉኝ። እኔ አለቀስኩ። እርሳቸው እርሳሳቸውን እየቀረጹ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ያን ንግግር ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ይህን ከመጻፌ በፊት ግን መጀመሪያ ሊሰማው የሚገባ ሰው ነበረ። ብቻዬን አዲጋላ ሄድኩ። ሮብሌ ፀጉሩ ሸብቷል። «ያቺ የመጣችው ሴትዮ ሞተች» አልኩት። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ሁላችንም ወደ አላህ ተመላሾች ነን ማለት ነው። ክርስቲያን እንደ ነበሩ ያውቃል፤ ቢሆንም አለው። ከዚያ ረድፉን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት።

«አውቄ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን እሷ ስትናገር አንተ ነበርክ የምታለቅሰው።»

«ለምን ዝም አልክ ታዲያ?» አልኩት።

«እሷ ልትሸፍንህ ፈለገች። በትልቅ ሴት ቃል ላይ ምን ልጨምር? ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም ተቆጥቻለሁ። ግን ከእናንተ መካከል ቤቴ ድረስ መጥቶ የነገረኝ እሷ ናት። አሁን ለእኔ ነግረኸኛል። ለሰዎቿም ንገራቸው።»

እነሆ ነገርኳችሁ። የአዲጋላው ስህተት የእኔ ነው። ወይዘሮ ጽጌ ያደረጉት ያን ስህተት ተሸክመው ወደ ባለቤቱ ደጅ መሄድና፣ እንዳይደገም አድርገው መመለስ ነው።

ኤዶ ጽጌ፤ ዝም በል ብለውኝ ነበር፤ አልታዘዝኩዎትም። እርስዎ በሕይወት ሳሉ መታዘዝ ቀላል ነበር፤ ሸክሙ ከእርስዎ ትከሻ ላይ ነበርና። አሁን ግን ስምዎ ራሱን መከላከል አይችልም። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ ቁጣዎ ናፍቆኛል። እናቴ ደህና ናት፤ ዘጠኙን ቀን እያነሣች ታለቅሳለች። ሴት ልጄ ሲስተር እሆናለሁ ትላለች፤ ይህን ሳልነግርዎት አመለጡኝ። በሶማልኛ ልሰናበትዎት አስቤ ነበር፤ ግን እኔና እርስዎ ስንጣላም ስንታረቅም በአማርኛ ነበር። ምን እንዳደረግሁ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ያን እያወቁ በየማለዳው «ሙክታር፣ ወንበርህን ወደዚህ አምጣ» ይሉኝ ነበር። በሰላም ይረፉ፣ ኤዶ።